የወዶ ዘማቾች መዝገብ እንዴት ይነበባል? በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጥቁር ወታደሮች ሬጅመንቶች ሰነዶች ላይ የቀረበ አጭር ጥናት

መግቢያ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል የጽሑፍን ዘላቂነት ይመሰክራል፤ ጽሑፉን ማን፣ ለማን፣ ለምን ዓላማ እንደ ጻፈው ግን አይናገርም። የጦርነትን ታሪክ ከመዛግብት ለሚያጠና ሰው ዋናው ጥያቄ ይኸኛው ነው። አንድ ወታደር በሻምበሉ የስም ጥሪ መዝገብ ላይ «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ ሲሰፍር፣ መዝጋቢው ለታሪክ ብሎ አልጻፈም። የጻፈው ደመወዝ እንዲከፈል፣ ስንቅና ልብስ እንዲታደል ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ ደግሞ ያው ጽሑፍ ጡረታ ለመፍቀድ ወይም ለመከልከል ማስረጃ ሆነ።

ይህ ጽሑፍ ከ1861 እስከ 1865 በተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በሰሜኑ፣ ማለትም በኅብረቱ መንግሥት፣ ወገን የተሰለፉትን የወዶ ዘማች ሬጅመንቶች መዛግብት አፈጣጠርና አነባበብ ይመረምራል። በተለይም ትኩረቱን የጥቁር ወታደሮች ሬጅመንቶች በተዉአቸው ሰነዶች ላይ ያደርጋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ነው፦ የወዶ ዘማች ወታደር መዝገብ በመሠረቱ የክፍያ መዝገብ ነው፤ ስለሆነም ክፍያውን የወሰነው ሕግ ሳይታወቅ በመዝገቡ ላይ ያለው ቃል በትክክል ሊተረጎም አይችልም። ይህን ያልተረዳ ተመራማሪ ባሪያ የነበረውን ሰው ነፃ፣ በሥራ ላይ የነበረውን ጠፊ፣ ሁለት ስም የነበረውን አንድ ሰው ደግሞ ሁለት ሰዎች አድርጎ ሊያነብ ይችላል።

«ወዶ ዘማች» የሚለው ስያሜ

ጦርነቱ በኤፕሪል 1861 በፎርት ሰምተር ሲፈነዳ የአሜሪካ መደበኛ ጦር ቁጥር 16,000 ገደማ ብቻ ነበር። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ኤፕሪል 15 ቀን ለሦስት ወር የሚያገለግሉ 75,000 የሚሊሺያ አባላት እንዲሰጧቸው ክፍላተ ሀገሩን ጠየቁ። ጦርነቱ በሦስት ወር የሚያልቅ አለመሆኑ ሲታወቅም ለሦስት ዓመት የሚያገለግሉ ወዶ ዘማቾች እንዲመለመሉ ተደረገ። በሐምሌ ወር ደግሞ ኮንግረስ እስከ 500,000 የሚደርሱ ወዶ ዘማቾች እንዲመዘገቡ ፈቀደ። በአራቱ ዓመታት ውስጥ በኅብረቱ ጦር ካገለገሉት ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰዎች እጅግ የሚበዙት በመደበኛው ጦር ሳይሆን በእነዚህ የወዶ ዘማች ሬጅመንቶች የተሰለፉ ነበሩ።

ሬጅመንቱን የሚያቋቁመው የየክፍለ ሀገሩ አገረ ገዢ ነበር፤ መኮንኖችንም የሚሾመው እርሱ ነው። ሬጅመንቱ ተሟልቶ በፌዴራል መንግሥቱ የጦር መኮንን ፊት ሲቆጠርና ቃል ሲገባ ግን ደመወዙም ሆነ ትእዛዙ ከዋሽንግተን ይሆናል። በዚህ ምክንያት የአንድ ወዶ ዘማች ሰነድ ከመጀመሪያው ሁለት ቤት አለው፤ አንደኛው ክፍል በክፍለ ሀገሩ፣ ሁለተኛው ክፍል በፌዴራሉ ቤተ መዛግብት ይገኛል። አንድ የእግረኛ ሬጅመንት ሲሟላ አሥር ሻምበሎችና አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ይኖሩታል። ሻምበሎቹ በእንግሊዝኛ ፊደላት ከኤ እስከ ኬ ሲሰየሙ ጄ የሚባለው ፊደል ይዘለላል፤ ይህም በእጅ ጽሑፍ ከአይ ጋር እንዳይምታታ ተብሎ እንደሆነ ይነገራል። አንድ ሰነድ ሲገኝ የሬጅመንቱ ቁጥር፣ የክፍለ ሀገሩ ስምና የሻምበሉ ፊደል የወታደሩ አድራሻ እንደሆኑ መቁጠር ይቻላል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ፍለጋው ይባዝናል።

ስያሜው ራሱ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ከማርች 1863 በኋላ የግዳጅ ምልመላ ሕግ ስለወጣ በወዶ ዘማች ሬጅመንቶች ውስጥ በዕጣ የተመለመሉም፣ ገንዘብ ተቀብለው በሌላ ሰው ምትክ የዘመቱም ገብተዋል። በደቡብ ከተመለመሉት ጥቁር ወታደሮችም በምልመላ ሠራተኞች ተገድደው የተወሰዱ ነበሩ። ስለዚህ በሬጅመንቱ ስም ላይ «ወዶ ዘማች» የሚል ቃል መኖሩ የሬጅመንቱን የሕግ ዓይነት እንጂ የእያንዳንዱን ሰው ፈቃድ አያረጋግጥም።

ሁለት ወር በሁለት ወር

የወታደራዊ አገልግሎት ማስረጃ መነሻው የስም ጥሪ መዝገብ ነው። በጊዜው ደንብ መሠረት ሻምበሉ ለደመወዝ የሚቆጠረው በየሁለት ወሩ፣ በፌብሩዋሪ፣ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በኦገስት፣ በኦክቶበርና በዲሴምበር የመጨረሻ ቀናት ነበር። በዚያ ቀን የተገኘው «አለ» ይባላል፤ ያልተገኘው «የለም» ይባልና ከጎኑ ሆስፒታል መተኛቱ፣ መማረኩ፣ በሌላ ሥራ መመደቡ ወይም መኮብለሉ ይጻፋል። የመንግሥት ልብስ ወይም መሣሪያ ጠፍቶበት ከደመወዙ የሚቆረጥበት ካለም ይገለጻል።

ይህ አሠራር ለተመራማሪው ሁለት ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛ፣ መዝገቡ የሚያሳየው በዓመት ስድስት ቀን ብቻ ነው። በጁላይ መጀመሪያ ታሞ በኦገስት አጋማሽ ወደ ሻምበሉ የተመለሰ ወታደር በመዝገቡ ላይ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሆኖ ሊታይ ይችላል። ሁለተኛ፣ በሁለት ቆጠራዎች መካከል የተደረገ ውጊያ በመዝገቡ ላይ የሚታየው በውጤቱ ብቻ ነው። የ54ኛው የማሳቹሴትስ ሬጅመንት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ በሰሜን ከተቋቋሙት የመጀመሪያዎቹ የጥቁር ወታደሮች ሬጅመንቶች አንዱ የሆነ ጦር ሜይ 28 ቀን 1863 ከቦስተን ተነሥቶ፣ ጁላይ 18 ቀን በሳውዝ ካሮላይና ጠረፍ በሚገኘው በፎርት ዋግነር ምሽግ ላይ ጥቃት ከፈተ። ወደ ጥቃቱ ከገቡት 600 ያህል ሰዎች 272 የሚሆኑት ሞቱ፣ ቆሰሉ፣ ተማረኩ ወይም የት እንደደረሱ ሳይታወቅ ቀሩ። አዛዡ ኮሎኔል ሮበርት ጉልድ ሾውም በዚያው ወደቁ። ከውጊያው በኋላ የመጣው የደመወዝ ቆጠራ የኦገስት መጨረሻው ነበር፤ በዚያ ላይ «ጠፍቷል» ተብለው ከሰፈሩት መካከል የሞቱም፣ ተማርከው በቻርልስተን የታሰሩም አሉ። «ጠፍቷል» የሚለው ቃል የጻፊውን የመረጃ ወሰን እንጂ የወታደሩን ዕጣ አይገልጽም። ቃሉ እስከሚቀጥሉት ቆጠራዎች፣ ሲያስፈልግም እስከ ጡረታው ዶሴ ድረስ ተከታትሎ ሊጣራ ይገባዋል።

ካርዶቹና ጸሐፊዎቹ

ዛሬ ተመራማሪዎች «የተጠናቀረ የአገልግሎት ማስረጃ» እያሉ የሚጠቀሙበት ዶሴ በጦርነቱ ጊዜ የተጻፈ አይደለም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ጡረታ ጠያቂዎች በበዙ ቁጥር የመንግሥት ጸሐፊዎች ያረጁትንና የተጣጠፉትን የስም ጥሪ መዝገቦች ደጋግመው ይገልጡ ስለነበር ወረቀቱ እየተቀደደ፣ መልስ የሚጠብቀውም ማመልከቻ እየተከመረ ሄደ። የጦር ሐኪም የነበሩት ፍሬድ ኤይንስዎርዝ ከ1880ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ለዚህ መፍትሔ ያሉትን አሠራር ዘረጉ። በየመዝገቡ ላይ ያለው የእያንዳንዱ ወታደር መስመር በተለየ ካርድ ላይ እንዲገለበጥ፣ የአንድ ወታደር ካርዶችም በአንድ ፖስታ ውስጥ እንዲሰበሰቡ አደረጉ። ከስም ጥሪ መዝገቦች በተጨማሪ የሆስፒታል መዝገቦች፣ የሬጅመንቱ ወርኃዊ ሪፖርቶች፣ የወታደሩ ዕድሜ፣ ቁመት፣ መልክ፣ የትውልድ ቦታና ሙያ የሚገለጹባቸው የመልክ መግለጫ መዝገቦችም በዚሁ መልክ ተገለበጡ።

ሥራው የራሱ መሥዋዕትነት ነበረበት። ከገልባጮቹ ብዙዎቹ የሚሠሩት በዋሽንግተን በሚገኘው የቀድሞው ፎርድ ቴአትር ቤት፣ ማለትም ሊንከን በ1865 በጥይት በተመቱበት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ጁን 9 ቀን 1893 በሕንፃው ምድር ቤት ቁፋሮ ሲካሄድ ወለሎቹ ተደርምሰው 22 ሰዎች ሞቱ። የጦርነቱ መዝገብ የጦርነቱ ማብቂያ ካለፈ ከ28 ዓመታት በኋላም የሰው ሕይወት መጠየቁ፣ ሥራው ምን ያህል በጥድፊያና በጥበት ይካሄድ እንደነበር ያመለክታል።

ከዚህ አፈጣጠር የሚከተለው የጥናት ሥርዓት ግልጽ ነው። ካርዱ ቅጂ ነው፤ ቅጂ ደግሞ የገልባጩን ዓይን ስሕተትና የእጅ ጽሑፉን ብዥታ ይሸከማል። በመዝገቡ ላይ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ የሰፈረ ስም ወደ ሦስት ፖስታዎች ሊበተን ይችላል። በካርዱ ላይ ያልተገለበጡ ሰነዶችም አሉ፤ የሬጅመንቱ የትእዛዝ መጽሐፍ፣ የደብዳቤ መጽሐፍና የሻምበሉ የጠዋት ሪፖርት በአብዛኛው በራሳቸው ቦታ ቀርተዋል። ወታደሩ ለምን እንደተቀጣ ወይም ለምን ከሻምበሉ እንደተነጠለ በካርዱ ላይ አንድ ቃል ብቻ ሲሆን፣ በትእዛዝ መጽሐፉ ላይ ግን ሙሉ አንቀጽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «ኮበለለ» የሚለው ቃልም ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ፍርድ አይደለም። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሻምበሉ ሳያውቅ የቀረ ሰው ኮብላይ ተብሎ ይመዘገብ ስለነበር፣ በኋላ በወጡ ሕጎች ብዙ እንዲህ ያሉ ክሶች ተሠርዘዋል። የስረዛው ማስታወሻም በዚያው ፖስታ ውስጥ ይገኛል።

የደቡቡን፣ ማለትም የኮንፌዴሬሽኑን፣ ወታደሮች መዝገብ በዚሁ አሠራር የመገልበጡ ሥራ የተጀመረው ዘግይቶ በ1903 ነው። ምንጩም በጦርነቱ ፍጻሜ የተማረኩ ሰነዶችና ከደቡብ ክፍላተ ሀገር በውሰት የመጡ መዝገቦች ነበሩ። ስለዚህ በደቡቡ ወገን የአንድ ሰው ስም አለመገኘቱ አለመዝመቱን አያረጋግጥም።

«ነፃ» የሚለው ቃል

ክፍያውን የወሰነው ሕግ ሳይታወቅ መዝገቡ ሊነበብ እንደማይችል ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የጥቁር ወታደሮች ደመወዝ ጉዳይ ነው። አንድ ነጭ ተራ ወታደር በወር 13 ዶላርና ልብስ ያገኝ ነበር። ጁላይ 17 ቀን 1862 የወጣው የሚሊሺያ ሕግ ግን ለጥቁሮች በወር 10 ዶላር ወሰነ፤ ከዚያም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይታሰብ ነበር። ሕጉ ሲወጣ በአሳቡ የነበረው ምሽግ ቆፋሪና ጓዝ ተሸካሚ እንጂ ጠመንጃ አንስቶ የሚዋጋ ሰው አልነበረም። በጃንዋሪ 1863 የነፃነት አዋጅ ጥቁሮች በጦሩ እንዲያገለግሉ መንገዱን ሲከፍት፣ በሜይ 1863ም የጥቁር ወታደሮች ቢሮ ሲቋቋም ይኸው የደመወዝ ልዩነት ቀጠለ። በጠቅላላው 179,000 ያህል ጥቁር ወታደሮች በኅብረቱ ጦር አገልግለዋል። ከእነዚህ መካከል 40,000 ያህሉ ሲሞቱ ከሟቾቹ የሚበዙት በበሽታ ነበር።

የ54ኛው የማሳቹሴትስ ወታደሮች ልዩነቱን አልተቀበሉም። አነስተኛውን ደመወዝ መውሰድ አነስተኛ ሰው መሆንን መቀበል ነው ብለው ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ተዋጉ። የማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ልዩነቱን ከራሱ ግምጃ ቤት ልክፈል ቢልም ጥያቄያቸው የገንዘብ ብቻ አይደለምና እንቢ አሉ። በሳውዝ ካሮላይና ነገሩ የከፋ ነበር። የ3ኛው የሳውዝ ካሮላይና ወዶ ዘማች ሬጅመንት ሃምሳ አለቃ የነበሩት ዊሊያም ዎከር በኖቬምበር 1863 የሻምበላቸውን ሰዎች መርተው፣ እኩል ደመወዝ ካልተከፈለን አናገለግልም በማለት በአዛዡ ድንኳን ፊት ጠመንጃቸውን አስቀመጡ። በአድማ ተከሰው የጦር ፍርድ ቤት ሞት ፈረደባቸውና በ1864 መጀመሪያ ወራት በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። ስማቸው የሰፈረበት ካርድ ከሚናገረው በላይ የሚናገረው የጦር ፍርድ ቤቱ ዶሴ ነው፤ የምስክሮቹ ቃል፣ የተከሳሹም መከላከያ በዚያ ተመዝግቧል።

ጁን 15 ቀን 1864 ኮንግረስ ደመወዙን እኩል አደረገ፤ ነገር ግን ወታደሮቹን ለሁለት ከፈለ። ኤፕሪል 19 ቀን 1861 ነፃ የነበሩት ከተመለመሉበት ቀን ጀምሮ ሙሉ ደመወዝ ያገኛሉ፤ በዚያ ቀን ባሪያ የነበሩት ግን የሚያገኙት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1864 ጀምሮ ብቻ ነው። ይህን ለመለየት ሻምበሎቹ ሰዎቻቸውን እያማሉ በስም ጥሪ መዝገቡ ላይ «ከኤፕሪል 19 ቀን 1861 በፊት ወይም በዚያ ቀን ነፃ የነበረ» የሚል ማስታወሻ እንዲያሰፍሩ ተደረገ። ይህ ማስታወሻ ዛሬ በብዙ ካርዶች ላይ ይነበባል።

ከሾው በኋላ 54ኛውን ያዘዙት ኮሎኔል ኤድዋርድ ሃሎዌል ከክዌከር ወገን የተወለዱ ነበሩ። ባርነትን የሚጸየፈው የዚህ ሃይማኖት ልጅ ለወታደሮቻቸው ያዘጋጁት መሐላ «ነፃ ነበርክ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። በተባለው ቀን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ጉልበታቸውን ሊጠይቅ መብት እንዳልነበረው እንዲምሉ ብቻ ያደርጋል። ከባርነት አምልጦ የመጣ ሰው፣ በሕግ ባሪያ ተብሎ ቢመዘገብም፣ በእግዚአብሔር ፊት የማንም ዕዳ እንደሌለበት አምኖ ያለ ሐሰት ሊምል ይችል ነበር። በርካቶችም እንዲህ አድርገው ማሉ።

እንግዲህ ካርዱ ላይ «ነፃ የነበረ» የሚል ቃል ያገኘ ተመራማሪ ምን ይደመድማል? ቃሉን እንደ ሕጋዊ ማንነት ማስረጃ ከወሰደው ይስታል። ቃሉ የሚያረጋግጠው ሰውየው መማሉንና ሙሉ ደመወዝ የማግኘት መብት ማግኘቱን ነው። የትውልድ ዘመኑ፣ የትውልድ ቦታውና የ1860 የሕዝብ ቆጠራ ካልተደመሩበት በቀር ስለ ቀድሞ ኑሮው አይናገርም። በተቃራኒው ማስታወሻው የሌለባቸው የሳውዝ ካሮላይና ሬጅመንቶች ሰዎች ከባርነት በቀጥታ የመጡ በመሆናቸው እንዲህ ያለ መሐላ መውጫ አልሆናቸውም። በኦገስት 1862 የጦር ሚኒስቴሩ እኩል ክፍያ ተስፋ ሰጥቷቸው ነበር፤ ያ ተስፋ በሕግ የጸናው በማርች 1865 ብቻ ነው። የ1ኛው የሳውዝ ካሮላይና ወዶ ዘማች ሬጅመንት አዛዥ ኮሎኔል ቶማስ ዌንትዎርዝ ሂጊንሰን በየጋዜጣው እየጻፉ የተሟገቱት ስለዚሁ ነበር።

ከክፍያ ጋር የተያያዘ ሌላ ሰነድም አለ። በድንበር ላይ ባሉ እንደ ሜሪላንድና ሚዙሪ ባሉ ክፍላተ ሀገር ለኅብረቱ የታመነ አሳዳሪ ባሪያውን ለጦሩ ሲለቅ እስከ 300 ዶላር ካሣ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ለዚህም የአርነት ደብዳቤና የባለቤትነት ማስረጃ ያቀርባል። እነዚህ ወረቀቶች በወታደሩ ፖስታ ውስጥ ሲገኙ፣ ለአሳዳሪው ካሣ ተብሎ የተጻፈው ሰነድ ለዛሬው ተመራማሪ የወታደሩን የቀድሞ ስም፣ የኖረበትን እርሻ፣ አልፎ አልፎም የእናቱን ስም ይሰጣል።

የሬጅመንቱ ስም መለወጥና የጠፉ ሰዎች

በ1864 መጀመሪያ አብዛኞቹ የጥቁር ሬጅመንቶች በአንድ የፌዴራል ስያሜ ሥር ተጠቃለሉ። 1ኛው ሳውዝ ካሮላይና 33ኛው፣ 2ኛው 34ኛው፣ 3ኛው ደግሞ 21ኛው የአሜሪካ የጥቁር እግረኛ ሬጅመንት ተባሉ። የማሳቹሴትስ 54ኛና 55ኛ የቀድሞ ስማቸውን ይዘው ቀጠሉ። በዚህ የተነሣ አንድ ሰው በሁለት ሬጅመንት ስም ሊገኝ ይችላል። በሌላ በኩል ከኬንታኪ የተመለመሉት ከ23,000 በላይ ጥቁር ወታደሮች የተሰለፉት በፌዴራል ቁጥር በሚጠሩ ሬጅመንቶች ስለሆነ የክፍለ ሀገሩን ስም ተከትሎ የሚፈልግ ሰው በቀላሉ ያጣቸዋል። የአካባቢ ታሪክ ጸሐፊዎች ከእኛ አገር ጥቁር ወታደር አልዘመተም የሚሉበት ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ይኸው የመዝገብ አቀማመጥ ብቻ ነው።

የጡረታው ዶሴ፦ የአንዲት መበለት ማስረጃ

ከአገልግሎት ማስረጃው ይልቅ የሰውን ኑሮ በስፋት የሚገልጸው የጡረታ ዶሴ ነው። በ1862 የወጣው ሕግ በጦርነት ለቆሰሉና ለሟቾች ቤተሰቦች ጡረታ ሰጠ፤ የ1890ው ሕግ ደግሞ አካል ጉዳቱ ከጦርነቱ የመጣ ባይሆንም እንኳ እንዲከፈል ፈቀደ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ጡረታው ከፌዴራሉ መንግሥት ወጪ ከሲሶ በላይ ደርሶ ነበር። ገንዘቡ በበዛ መጠን ማስረጃ ጥየቃውም ጠበቀ።

ለጥቁር ወታደሮች መበለቶች ትልቁ እንቅፋት ጋብቻ ነበር። በባርነት ዘመን ጋብቻቸውን ሕግ አያውቀውም፤ የጋብቻ ወረቀትም የለም። በጁላይ 1864 የወጣ ሕግ ባልየው ከመመልመሉ በፊት ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንደ ባልና ሚስት አብረው መኖራቸውን ታማኝ ምስክሮች በቃለ መሐላ ካረጋገጡ በቂ ነው አለ። በ1866 የሁለት ዓመቱ ገደብ ተነሣ። በዚህ ምክንያት አዋላጆች፣ የቀድሞ ባሮች፣ አንዳንዴም የቀድሞ አሳዳሪዎች ቀርበው ማን ከማን ጋር በየትኛው እርሻ እንደተጋባ፣ የስንት ልጆች ወላጅ እንደሆነ፣ ማን ወደ የት እንደተሸጠ መሰከሩ። ራሳቸው ያልጻፉ ሰዎች ስለ ራሳቸው የተናገሩት ቃል በብዛት የሚገኘው በዚህ ነው።

የሐሪየት ተብማን ዶሴ የዚህን ማስረጃ ክብደት ያሳያል። ተብማን በጁን 1863 በኮምባሂ ወንዝ ላይ ከ2ኛው የሳውዝ ካሮላይና ሬጅመንት ጋር ዘምተው ከ700 በላይ ባሮች ነፃ የወጡበትን ወረራ በመምራት ተካፍለዋል፤ በነርስነትና በስለላም አገልግለዋል። ሆኖም ስማቸው በማንኛውም ሬጅመንት የስም ጥሪ መዝገብ ላይ ስለሌለ እንደ ወታደር ጡረታ ሊጠይቁ አልቻሉም። በ1890 ያመለከቱት በ1888 የሞቱት ባላቸው የኔልሰን ዴቪስ መበለት ሆነው ነበር። በዚህም ላይ ችግር ገጠማቸው። ዴቪስ በ8ኛው የአሜሪካ የጥቁር እግረኛ ሬጅመንት ሻምበል ጂ ያገለገሉት ኔልሰን ቻርልስ በሚል ስም ነበር። መበለቲቱ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን፣ የመጀመሪያ ባላቸው ጆን ተብማን መሞታቸውን፣ በ1869 የተፈጸመው ጋብቻም ሕጋዊ መሆኑን በምስክር ማስረዳት ነበረባቸው። በ1895 በወር 8 ዶላር ተፈቀደላቸው፤ በ1899 ኮንግረስ የነርስነት አገልግሎታቸውን ግምት ውስጥ አስገብቶ ወደ 20 ዶላር አሳደገው። በመሪነትና በስለላ ያከናወኑት ተግባር ግን በክፍያው አልታሰበላቸውም። መንግሥት ያልከፈለበት አገልግሎት በመንግሥት መዝገብ ላይ ጎልቶ እንደማይታይ ከዚህ ይበልጥ ግልጽ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ከ33ኛው ሬጅመንት ጋር በልብስ አጣቢነት ተመዝግበው በነርስነትና በመምህርነት ያገለገሉት ሱዚ ኪንግ ቴይለርም ጡረታ አላገኙም። አገልግሎታቸው ዛሬ የሚታወቀው በ1902 ራሳቸው ባሳተሙት ማስታወሻ ነው። በመዝገቡና በማስታወሻው መካከል ያለው ርቀት ራሱ የጥናት ርእስ ሊሆን ይገባዋል።

የጡረታው ዶሴም ያለ ጥንቃቄ ሊነበብ አይገባም። ቃሉን የሰጠው ሰው ቢሆንም የጻፈው የቢሮው መርማሪ ወይም ጠበቃ ነው፤ ተናጋሪው ብዙ ጊዜ የፈረመው በመስቀል ምልክት ነው። የጥቁር አመልካቾች ጥያቄ ከነጮቹ ይልቅ ውድቅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነበር። ምስክሩም ሕጉ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ስለዚህ ስለ ጋብቻ የተነገረው ቃል ሕጉ ለጠየቀው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ይህም ቃሉን ሐሰት አያደርገውም፤ ይልቁንም ተመራማሪው ከመልሱ በፊት ጥያቄውን እንዲያውቅ ያስገድደዋል።

የሥራ ቅደም ተከተል

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተለው አካሄድ ለጀማሪ ተመራማሪ ሊጠቅም ይችላል።

በመጀመሪያ የወታደሩን ስም ልዩ ልዩ አጻጻፎች፣ የባርነት ዘመን ስሙን ጨምሮ፣ መዘርዘር ያስፈልጋል። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ያዘጋጀው የወታደሮች ስም ማውጫ 6.3 ሚሊዮን ስሞችን ይዟል። ይህ ቁጥር ከዘማቾቹ ቁጥር የሚበልጠው አንድ ሰው በብዙ ስምና በብዙ ሬጅመንት ስለሚመዘገብ ነው።

ሁለተኛ፣ ሬጅመንቱ ከታወቀ በኋላ የሬጅመንቱን የጉዞና የውጊያ ታሪክ መለየት ይገባል። ፍሬድሪክ ዳየር በ1908 ያሳተሙት ማጠቃለያና ከ1880 እስከ 1901 በ128 መጻሕፍት የታተመው የሁለቱ ወገኖች ይፋዊ ሰነዶች ስብስብ ለዚህ ያገለግላሉ።

ሦስተኛ፣ የአገልግሎት ካርዶቹን በጊዜ ቅደም ተከተል አሰልፎ ከሬጅመንቱ ጉዞ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። በሁለት ቆጠራዎች መካከል ያለውን ክፍተት ከትእዛዝ መጽሐፍ፣ ከሆስፒታል መዝገብና ከጦር ፍርድ ቤት ዶሴ መሙላት ይቻላል።

አራተኛ፣ የጡረታ ዶሴው መኖር አለመኖሩ በወታደሩም፣ በመበለቲቱም፣ በልጆቹም ስም መጣራት አለበት። ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንም እንኳ ዶሴው አይጠፋም፤ ውድቅ የተደረጉት ዶሴዎች ብዙ ጊዜ ይበልጥ ወፍራም ናቸው።

አምስተኛ፣ ከጦሩ ውጭ ያሉ ምንጮችን መጨመር ይገባል። የ1870 የሕዝብ ቆጠራ ከባርነት የወጡት ሰዎች በስማቸው የተቆጠሩበት የመጀመሪያው ነው። የ1890ው አጠቃላይ ቆጠራ በአብዛኛው ቢጠፋም በዚያው ዓመት ስለ ኅብረቱ ዘማቾችና መበለቶች የተደረገው ልዩ ቆጠራ በከፊል ተርፏል። የነፃ ወጪዎች ቢሮና የነፃ ወጪዎች ባንክ መዝገቦችም የቤተሰብ ስሞችን ይይዛሉ።

ማጠቃለያ

ይህ ጥናት እንደሚያመለክተው የወዶ ዘማቾች መዝገብ ያለፈውን በቀጥታ የሚያሳይ አይደለም። «አለ» ማለት ለደመወዝ ቀን ተገኝቷል ማለት ነው፤ «ጠፍቷል» ማለት ሻምበሉ አያውቅም ማለት ነው፤ «ነፃ የነበረ» ማለት ምሏል ማለት ነው፤ «መበለት» ማለት ምስክር አቅርባለች ማለት ነው። እያንዳንዱ ቃል ከበስተጀርባው ሕግ፣ ቀንና የገንዘብ መጠን አለው።

ከዚህ የሚነሣው ጉዳይ የአነባበብ ዘዴ ብቻ አይደለም። ሃምሳ አለቃ ዎከርና የ54ኛው ወታደሮች የተከራከሩት ከሦስት እስከ ስድስት ዶላር በሚደርስ ልዩነት ላይ አልነበረም፤ በመዝገቡ ላይ ምን ተብለው እንደሚጻፉ ነበር። የደመወዙ ዝርዝር ስለ እነርሱ የሚናገረው ቃል እንደሚቀጥለው ትውልድ እንደሚደርስ ተረድተው ነበርና። ዛሬ ካርዱን የሚገልጥ ተመራማሪ የዚያ ክርክር ወራሽ ነው። በመዝገቡ ላይ ያለውን ቃል ከመጥቀሱ በፊት ቃሉን ያስጻፈውን ሕግ ቢያነብ፣ ክፍያ ያላገኘውን አገልግሎትም ከመዝገቡ ውጭ ቢፈልግ ለሰዎቹ የሚገባቸውን ፍርድ ለመስጠት ይቀርባል።